የሬድ ሊስት ድረ ገጽ ግምገማ፦ ማንታ ሬይና የአንኮበር ሴሪን ጎን ለጎን

ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር ሲኬድ ገማሳ ገደል የሚባል ቦታ አለ። ጭላዳ በሚግጥበት በዚያ ጫፍ ላይ፣ ሣርና አስታ በበቀለበት ቁልቁለት፣ ዝንጉርጉር ቡናማ ላባ ያላት ትንሽ ወፍ ትኖራለች። የአንኮበር ሴሪን ትባላለች፤ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በዓለም ላይ የትም የለችም። ማንታ ሬይ ደግሞ ቀይ ባሕርን ጨምሮ በሞቃታማ ውቅያኖሶች ሁሉ የሚዘዋወር፣ ከክንፍ ጫፍ እስከ ክንፍ ጫፍ እስከ 7 ሜትር የሚሰፋ ዓሣ ነው። ሁለቱን በአንድ ገጽ የሚያገናኛቸው ነገር ቢኖር የዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት፣ በምህጻሩ አይዩሲኤን፣ የሚያዘጋጀው፣ ዝርያዎች ምን ያህል የመጥፋት አደጋ እንዳለባቸው የሚመዝነው ሬድ ሊስት ነው። ይህ ግምገማ ያንን ድረ ገጽ በነዚህ በሁለቱ እንስሳት ይፈትናል፤ በተለይ በሰሜን ሸዋ የባዮሎጂ ትምህርት ለሚያስተምሩ፣ እንግዳ ይዘው ገደል ለገደል ለሚመሩ አስጎብኚዎችና የምርምር ጽሑፍ ለሚያዘጋጁ ተማሪዎች።

ፍርዱን አስቀድሞ መናገር ይሻላል። በነፃ ከሚገኙት አገልግሎቶች ሁሉ አንድ እንስሳ ከየትኛው ወገን እንደሆነና ምን ያህል አደጋ እንዳንዣበበበት በአንድ ቦታ ለማየት ከዚህ የሚሻል የለም። ነገር ግን ከስሙ አጠገብ ያለችውን ባለቀለም ክብ ብቻ አይቶ ለሚዘጋ ሰው ይህ ድረ ገጽ ከማስተማር ይልቅ ያሳስታል። ምክንያቱ ከታች በዝርዝር አለ፤ የዚህ ጽሑፍ ዋና ጉዳይም እሱ ነው።

መጀመሪያ ፍለጋው። በገጹ አናት ላይ ባለው ሳጥን ውስጥ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው፤ አማርኛ አይቀበልም። ለወፏ ትክክለኛው ሳይንሳዊ ስም ክሪታግራ አንኮበረንሲስ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው የመጀመሪያውን ቃል ሲጽፍ ነው፤ በኬ ሳይሆን በሲ ይጀምራል፣ ከቲ ቀጥሎ ደግሞ ኤች አለበት። ያ ካስቸገረ አንኮበር የሚለውን ብቻ መጻፍ ይበቃል፤ የእንግሊዝኛ መጠሪያዋ ውስጥ ስላለ ዝርዝሩ ያመጣታል። ለዓሣው ሞቡላ ቢሮስትሪስ ተብሎ ይጻፋል። እዚህ ላይ ወጥመድ አለ። ማንታ ብለው የሚፈልጉ ሰዎች ሁለት ዝርያ ይመጣላቸዋል፦ በሜዳ ውቅያኖስ የሚኖረው ትልቁ ማንታና በኮራል አለት ዳር የሚኖረው አነስ ያለው ሞቡላ አልፍሬዲ። ሁለቱ እንደ አንድ ዝርያ ይቆጠሩ ነበር፤ የተለያዩት በ2009 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ደረጃቸው አንድ አይደለም፤ ትልቁ ለመጥፋት የተቃረበ፣ ትንሹ ለጥፋት የተጋለጠ ተብሏል። የአንዱን ፎቶ ከሌላው ደረጃ ጋር አጋብቶ በክፍል ግድግዳ ላይ መለጠፍ ቀላል ስህተት ስለሆነ ከመገልበጥ በፊት ሁለተኛውን የስም ቃል ማየት ግድ ነው።

የድሮ መጽሐፍ የያዘ ሰው ደግሞ ሌላ ግራ መጋባት ይገጥመዋል። ወፏ በቀደሙት መጻሕፍት ሴሪነስ አንኮበረንሲስ ናት፤ ዓሣው ማንታ ቢሮስትሪስ ነው። አብዛኞቹ የአፍሪካ ሴሪኖች ከሴሪነስ ወጥተው ክሪታግራ ወደሚባለው ወገን የተዛወሩት፣ ማንታም እንደ ወገን ቀርቶ ሞቡላ ውስጥ የገባው የዘረ መል ጥናት የቀድሞውን አመዳደብ ስላፈረሰው ነው፤ የማንታው ለውጥ የመጣው በ2017 ነው። ድረ ገጹ በድሮው ስም ቢፈለግም አብዛኛውን ጊዜ ወደ አዲሱ ያደርሳል፤ ይህን በጥሩ ይሠራል። ለውጡንም በአንዲት ምልክት ያሳያል፣ ግን ማንም አያስተውላትም። የመዳቢው ስምና ዓመት በቅንፍ ውስጥ ከገባ ዝርያው መጀመሪያ ስም ሲወጣለት በሌላ ወገን ሥር ነበር ማለት ነው። የሁለቱም በቅንፍ ነው፤ የወፏ አሽ 1979፣ የዓሣው ዋልባም 1792። ጆን አሽ ወፏን አንኮበር አጠገብ ያገኛት በ1976 ሲሆን ስሟን ከሦስት ዓመት በኋላ አወጣላት። በአንዱና በሌላው ስም መውጣት መካከል 187 ዓመት አለ። ዓሣው በመርከበኞች ዓይን ውስጥ ስለነበር ቀደመ፤ ወፏ ግን ከገደሉ አልወረደችምና ሳይንስ ዘግይቶ ደረሰባት።

አሁን ወደ አመዳደቡ። ድረ ገጹ ሰባት ደረጃ ይዘረዝራል፦ ስፍን፣ ክፍለስፍን፣ መደብ፣ ክፍለመደብ፣ አስተኔ፣ ወገን፣ ዝርያ። ሁለቱ እንስሳት እንስሳ በሚለው ስፍንና ባለጀርባ ገመድ በሚለው ክፍለስፍን፣ ማለትም ኮርዳታ፣ አብረው ይሄዳሉ፤ መደብ ላይ ይለያያሉ። ወፏ ኤቭስ፣ ፓሰሪፎርምስ፣ ፍሪንጂሊዴ ናት። ዓሣው የልም አጥንት ዓሦች መደብ ነው፤ ክፍለመደቡ ሚሊዮባቲፎርምስ፣ አስተኔው ሞቡሊዴ። የመደቡ ስም ከመጽሐፍ መጽሐፍ እንደሚለያይ ማወቅ ይጠቅማል፤ አንዳንዱ ኮንድሪክታይስ ይላል፣ ሌላው ኤላስሞብራንኪ። ተማሪ በፈተና ላይ አንዱን ጽፎ በሌላው እንዳይታረምበት መምህሩ የትኛውን እንደሚከተል አስቀድሞ ይንገር።

በዚህ ክፍል ድረ ገጹ ላይ ያለን ቅሬታ ትልቅ ነው። ሬይ የሚለውና ዘማሪ ወፍ የሚለው፣ ሰው የሚያውቃቸው ሁለቱ ስሞች፣ ከሰባቱ መስመር በአንዱም ላይ አይገኙም። ሬዮች በአንድ ላይ ባቶይዲያ የሚባል ከክፍለመደብ በላይ ያለ ቡድን ናቸው፤ ዘማሪ ወፎች ደግሞ ከፓሰሪፎርምስ በታች ፓሰሪ የሚባል ንዑስ ክፍል ናቸው። ድረ ገጹ እነዚህን መካከለኛ ደረጃዎች አያሳይም። ስለዚህ ፓሰሪፎርምስ ማለት ዘማሪ ወፍ ማለት ነው ብሎ የሚደመድም ብዙ ነው። ስህተት ነው፤ በዚያ ክፍለመደብ ውስጥ ዘማሪ ያልሆኑም አሉ። ዘማሪ የሚያሰኘው የድምፅ ሳጥኑ ጡንቻ ውስብስብነት ነው እንጂ ዜማው ለጆሮ መጣፈጡ አይደለም። ሬይንም ከሌላው ዓሣ የሚለየው ጠፍጣፋነቱ ብቻ አይደለም፤ ስንጥቡ በሆዱ በኩል መሆኑና የፊት ክንፉ ከጭንቅላቱ ጋር መያያዙ ነው። ይህን የሚፈልግ ሰው ከሬድ ሊስት ውጭ መሄድ አለበት፤ ለዓሣው ፊሽቤዝ፣ ለወፏ የበርድላይፍ ዳታ ዞን ይሻላሉ። የበርድላይፉ ገጽ በተለይ ይመከራል። በሬድ ሊስት ላይ የወፎችን ሁሉ ደረጃ የሚገመግመው በርድላይፍ ኢንተርናሽናል ራሱ ስለሆነ ምንጩ አንድ ነው። የሻርክና የሬይ ግምገማ ደግሞ የሻርክ ባለሙያዎች ቡድን ሥራ ነው።

ዋናው ነገር የጥበቃ ደረጃው ነው። የአንኮበር ሴሪን ቢጫ ክብ ውስጥ ቪዩ የሚሉ ሁለት ፊደላት አሏት፤ ለጥፋት የተጋለጠች ማለት ነው። ማንታው ብርቱካናማ ክብ ውስጥ ኢኤን አለው፤ ለመጥፋት የተቃረበ፣ ማለትም አንድ ደረጃ የባሰ። (በጥቁርና ነጭ ማተሚያ ቀለሙ ስለሚጠፋ ፊደሎቹን አጉልቶ ማተም ያስፈልጋል።) ተማሪ ይህን ሲያይ የሚጠይቀው ጥያቄ ትክክል ነው፦ በዓለም ውቅያኖስ ሁሉ ያለው እንስሳ እንዴት በእኛ ገደል ብቻ ከምትኖረው ወፍ የባሰ ተባለ? ድረ ገጹ መልሱን ይዟል፤ ግን ከክቧ አጠገብ ሳይሆን ወደ ታች ወረድ ብሎ፣ የግምገማ መረጃ በሚለው ክፍል ውስጥ፣ በአጭር የፊደልና የቁጥር ኮድ ነው።

ኮዱ እንዲህ ይነበባል። መጀመሪያው ፊደል ከአምስቱ መስፈርቶች አንዱ ነው። ኤ የቁጥር ማሽቆልቆል፤ ቢ የመኖሪያ ስፋት ጠባብነት፤ ሲ ቁጥሩ ትንሽ ሆኖ እየቀነሰ መሄድ፤ ዲ ቁጥሩ እጅግ ማነስ፤ ኢ በስሌት የተሠራ የመጥፋት ዕድል ነው። አንድ ዝርያ በአምስቱ ሁሉ ይለካል፤ ከሁሉ የከፋውን ደረጃ ያወጣው መስፈርት ደረጃውን ይወስናል። ማንታው የገባው በኤ በኩል ነው። የኤ ዋናው መለኪያ ባለፉት 10 ዓመታት ወይም ሦስት ትውልዶች፣ ከሁለቱ በሚረዝመው ጊዜ ውስጥ፣ ቁጥሩ 30 በመቶ ከቀነሰ ቪዩ፣ 50 በመቶ ከቀነሰ ኢኤን፣ 80 በመቶ ከቀነሰ ከዚያ ቀጥሎ ያለው እጅግ አስጊው ደረጃ ነው።

ምስጢሩ ከሁለቱ በሚረዝመው ከሚለው ሐረግ ላይ ነው። የማንታ የአንድ ትውልድ ርዝመት 29 ዓመት ተብሎ ስለተገመተ ሦስቱ ትውልድ 87 ዓመት ይሆናል። እንደ ሴሪን ያለች ትንሽ ወፍ ግን ትውልዷ ጥቂት ዓመት ስለሆነ የመለኪያው ጊዜ 10 ዓመት አካባቢ ላይ ያቆማል። በእጅ አስልቶ ማሳየት ይቻላል። በየዓመቱ 0.8 በመቶ ብቻ የሚቀንስ ማንታ በ87 ዓመት ውስጥ ግማሹን ያጣና ኢኤን ይገባል። በየዓመቱ 3 በመቶ የምትቀንስ ወፍ ግን በ10 ዓመት የምታጣው 26 በመቶ ነው፤ በኤ መስፈርት ቪዩ እንኳ አትደርስም። ከማንታው አራት እጥፍ ያህል በፍጥነት እየቀነሰች ማለት ነው! ይህ ጉድለት ወይም አድልዎ አይደለም። ማንታ ብዙውን ጊዜ በአንድ እርግዝና አንድ ግልገል ብቻ ይወልዳል፤ እርግዝናው አንድ ዓመት ያህል ይወስዳል፣ በሁለት ወሊድ መካከልም ዓመታት ያልፋሉ። ያጣውን ለመተካት የሰው ዕድሜ ያህል ይፈልጋል። ወፏ ግን ከዚያ በጣም ባጠረ ጊዜ ልታገግም ትችላለች፤ መኖሪያዋ እስካለ ድረስ። ይህን ስሌት በሰሌዳ ላይ አንድ ጊዜ መሥራት ክቧን አሥር ጊዜ ከማሳየት ይበልጣል።

ሁለተኛው የተለመደ ስህተት ከቢ መስፈርት ጋር ይያያዛል። የምትኖርበት ቦታ ጠባብ ነውና በጣም አስጊ ደረጃ ላይ መሆን አለባት የሚል ግምት በአካባቢያችን ብዙ ነው። ቢ ስፋቱን በሁለት መንገድ ይለካል። የመጀመሪያው ዳር ዳር ያሉትን መገኛ ነጥቦች በመስመር አገናኝቶ የሚያወጣው ጠቅላላ ስፋት ነው፤ ለቪዩ ከ20,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በታች፣ ለኢኤን ከ5,000 በታች መሆን አለበት። ሁለተኛው ዝርያው በትክክል የያዘው ቦታ ነው፤ ከ2,000 ወይም ከ500 ካሬ ኪሎ ሜትር በታች። ነገር ግን ጠባብነት ብቻውን አይበቃም፤ ከመኖሪያው መቆራረጥ ወይም ቦታዎቹ ጥቂት ከመሆናቸው፣ ከቀጣይ መመናመንና ከከባድ መዋዠቅ ቢያንስ ሁለቱ አብረው መታየት አለባቸው። ይቺ ወፍ ለረጅም ጊዜ በአንኮበር ዙሪያ ብቻ የምትታወቅ ነበረች፤ በኋላ ከዚህ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ በሚገኘው በሰሜን ተራሮች ተገኘች። ያ ግኝት ጠቅላላ ስፋቱን በአንድ ጊዜ አሰፋው፤ በመካከሉ ያለው እርሻና ሸለቆ ባዶ ቢሆንም መስመሩ ያካትተዋል። በካርታው ላይ የሚታየው ቀለም የተቀባ ቦታ ወፏ በእርግጥ ያለችበት ቦታ ነው ብሎ ለእንግዳ ማሳየት ስህተት የሚሆነውም ለዚህ ነው። ሴሪኗ የምትኖረው በከፍተኛው ደጋ ገደል ላይ ነው፤ ካርታው ሸለቆውንም አብሮ ሊሸፍን ይችላል።

የአደጋ መንስኤዎች የሚለው ክፍል ከድረ ገጹ ሁሉ የተሻለ የተጻፈው ነው፤ ሁለቱን ለማነጻጸርም ከሁሉ በላይ ያስተምራል። በማንታው ገጽ ላይ መረብ ነው ያለው። ሆን ተብሎ ሥጋውና የስንጥቡ ማጣሪያ ሳህኖች ተፈልገው ይጠመዳል፤ ሳህኖቹ በእስያ ለባህላዊ መድኃኒት ይሸጣሉ። ለቱናና ለሌላ ዓሣ በተጣለ መረብም ሳይፈለግ ይገባል። ለመተንፈስ ወደ ፊት መዋኘት ስላለበት መረብ የያዘው ማንታ ታፍኖ ይሞታል። በወፏ ገጽ ላይ ደግሞ መረብ የለም፤ እርሻ ወደ ገደሉ አፋፍ መጠጋቱ፣ የከብት ግጦሽ ብዛትና የአስታ ለማገዶ መቆረጥ ነው። የአንዱ አደጋ እንስሳውን ራሱን መያዝ ነው፤ የሌላዋ አደጋ ቤቷን ማፍረስ። ስለዚህ መፍትሔያቸውም አንድ አይሆንም። ማንታውን የንግድ ስምምነት ይጠቅመዋል፤ በ2013 በዱር እንስሳት ዓለም አቀፍ ንግድ ስምምነት ሁለተኛ አባሪ ውስጥ ገብቷል። ለአንኮበሯ ወፍ እንዲህ ያለው ስምምነት ብዙም አይፈይድላትም፤ የሚጠቅማት በገደሉ ጫፍ ላይ የሚኖረው ገበሬ ማገዶ ከሌላ ቦታ ማግኘቱ ነው።

አንድ ነገር አጥብቆ መያዝ ያስፈልጋል፤ ሬድ ሊስት ሕግ አይደለም። ኢኤን የሚል ፊደል ማንንም አይከለክልም፣ ማንንም አይቀጣም። በየመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ላይ በሬድ ሊስት የተጠበቀ የሚል አገላለጽ ይታያል፤ የተገመገመ ማለት ነው የሚገባው።

ቀኑን ማየትም እንዲሁ። ገጹ ላይ ሁለት ቀን አለ፤ ግምገማው የተሠራበትና የታተመበት። በመካከላቸው ዓመት ሊያልፍ ይችላል። ማንታው ከቪዩ ወደ ኢኤን የተሻገረው በ2020 በወጣው ግምገማ ነው፤ ከዚያ ጥቂት ዓመት ቀድሞ የታተመ ፖስተር ወይም መጽሐፍ ቪዩ ይላል፣ በጊዜው ትክክል ነበር። ስለዚህ ደረጃውን ሲጠቅሱ ዓመቱን አብሮ መጻፍ ነው። ለአንዳንድ ዝርያ ደግሞ ከዓለም አቀፉ ሌላ የአንድ አካባቢ ብቻ ግምገማ ይኖራል፤ ግሎባል የሚለው መመረጡን ያረጋግጡ፤ አለዚያ የሌላ ባሕር ውጤት ይዘው ይወጣሉ።

ስለ አጠቃቀሙ ምቾት ጥቂት። ገጹን ለማንበብ አካውንት አይፈልግም፤ ክፍያም የለውም። የሥርጭት ካርታውን ፋይል ለማውረድ ግን መመዝገብና ለምን እንደሚውል መግለጽ ያስፈልጋል፤ ለንግድ መጠቀም በነፃው ፈቃድ አይቻልም። ካርታው ከባድ ስለሆነ ኢንተርኔት በሚደክምበት ጊዜ ገጹን ያንቀራፍፈዋል። በመሐል ሜዳ ወይም በአንኮበር ከተማ ላለ ትምህርት ቤት የሚሻለው መንገድ ደብረ ብርሃን ላይ የሁለቱን ዝርያዎች ግምገማ በፒዲኤፍ አውርዶ በፍላሽ መውሰድ ነው። ፒዲኤፉ ከገጹ የበለጠ ለንባብ ይመቻል፤ ኮዱም በውስጡ ይገኛል። የአማርኛ ስም በሁለቱም ገጽ ላይ የለም። ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ነው፤ የቴክኒክ ቃሉ ስለሚበዛ ለአሥረኛ ክፍል ተማሪ ያለ አስተማሪ እርዳታ ይከብደዋል። በዓለም ላይ ያሉትን ሴሪኖች በሙሉ የያዘ ድረ ገጽ ለአንዲት የአንኮበር ወፍ አንድ የአማርኛ መስመር አለመያዙ ያሳዝናል።

ለክፍል ልምምድ ሦስተኛ ዝርያ መጨመር ለሚፈልግ እዚሁ ሰሜን ሸዋ ውስጥ ጥሩ አለ። ከአንኮበር በታች በአልዩ አምባና በመልካ ጀብዱ በኩል፣ ወደ ቆላው በሚወርደው ቁጥቋጦ ውስጥ፣ ቢጫ ጉሮሮ ሴሪን አለች፤ ክሪታግራ ፍላቪጉላ። ስም የወጣላት በ1888 ነው፤ ለብዙ ጊዜ የሁለት ሌሎች ዝርያዎች ዲቃላ ናት ተብሎ ይታሰብ ነበር። ደረጃዋ ኢኤን ነው፤ ማለትም ወገኗ የአንኮበሯ ሴሪን፣ ደረጃዋ የማንታው። ተማሪዎች የሦስቱን ኮድ ጎን ለጎን ጽፈው የትኛው ፊደል የትኛውን ደረጃ እንዳመጣ እንዲያወጡ ማድረግ አንድ ክፍለ ጊዜ ይበቃዋል። ቀይ ቀበሮን መጨመር የሚፈልግ ጓሳ አለለት፤ እሷም ኢኤን ናት።